የ796,721,617 አካፋይ

ክብርት ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ረውዳ፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ዋላችሁ?

ይህን ዝግጅት ላሰናዳው ኮሚቴ ምስጋናዬ ይድረሰው። ሰባት አባላት እንዳሉት ሰምቻለሁ። በዚህ ትምህርት ቤት ሰባት ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲስማማ የመጀመሪያው ነው፤ እኔ በመሄዴ መሆኑን ግን ልብ ብያለሁ። ለጋቢው አመሰግናለሁ። ለግድግዳ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ከሰኞ ጀምሮ የትም የማይጠበቅ ሰው ሰዓት መሸለሙ የቆየ ወጋችን ነውና ምክንያቱን አልጠይቅም።

የምስክር ወረቀቱ «ለሠላሳ ስምንት ዓመታት ላበረከቱት አገልግሎት» ይላል። ሠላሳ ሰባት ዓመት ከአሥር ወር ነው። ዝም ልል ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ። ሁለቱን ወር መጥቼ ልሥራ ይሆን? ወይዘሮ ረውዳ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። እሺ፣ ምራቂ ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

የተሰጠኝ ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው። ስለ አንድ ቁጥር እናገራለሁ።

ይኸው፣ ሳቃችሁ። ነባሮቹ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ለመጣችሁት ግን ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ከመሐል የጀመረ ተማሪ ወደ መጨረሻው ላይ ሲጠፋበት አይቻለሁ።

ጊዜው ጥቅምት 1990 ዓመተ ምሕረት፣ ቦታው ይኸው ኮምቦልቻ፣ ክፍሉ ዘጠነኛ ነው። የዕለቱ ትምህርት አንድ ቁጥር በምን በምን እንደሚካፈል በዓይን ብቻ መለየት ነበር። አሃዞቹ ተደምረው በሦስት ከተካፈሉ ቁጥሩም በሦስት ይካፈላል፤ የመሳሰለው። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ማለትም ሁሉን የማውቅበት ዕድሜ። «የፈለጋችሁትን ቁጥር አምጡ፤ ደወል ሳይደወል አካፋዩን እነግራችኋለሁ» አልኩ። ዘጠኝ ተማሪዎች አስነሣሁና እያንዳንዳቸው አንዳንድ አሃዝ ጠሩ። የመጨረሻዋን «ተጋማሽ አትጥሪ፣ አምስትም አትበይ፤ ያ ለኔ ይቀለኛል» አልኳት። «ሰባት» አለች።

ሰሌዳው ላይ የቆመው ይህ ነው፦ ሰባት መቶ ዘጠና ስድስት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሰባት።

አሃዞቹን ደመርኩ፤ አርባ ስድስት። በሦስት አይሆንም። በሰባት አካፈልኩ፤ ስድስት ተረፈ። በአሥራ አንድ፤ አሥር ተረፈ። በአሥራ ሦስት፤ ሦስት ተረፈ። ጠመኔው አለቀ፤ ሌላ አመጡልኝ። ደወሉ ተደወለ። ከኋላ መቀመጫ አንዱ «ቲቸር፣ ደወሉ ይደገምልዎ?» ሲል ስልሳ ተማሪ ሳቀብኝ።

ያኔ ነው የማልኩት። «ወላሂ፣ የዚህን ቁጥር አካፋይ ሳላገኝ ወይም እንደሌለው ሳላረጋግጥ ከዚህ ትምህርት ቤት አልንቀሳቀስም!»

ምላስ አጥንት የለውም ሲባል ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ሥራው ምን ያህል እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ላስረዳ። አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንደኛው ትልቅ ከሆነ ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ይህ ቁጥር አካፋይ ካለው ትንሹ ከሃያ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት አይበልጥም። እስከዚያ ድረስ ደግሞ በሁሉም ቁጥር ማካፈል አያስፈልግም፤ በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ፣ ማለትም ከአንድና ከራሳቸው በቀር ማንም እኩል በማያካፍላቸው መሞከር ይበቃል። እነሱም ከሦስት ሺህ ጥቂት ከፍ ይላሉ። ሦስት ሺህ ማካፈል፤ በቃ። አንድ ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅና ዝውውር ይጠይቃል።

እኔ ሥራውን የሚጋራኝ ሰው ፈለግሁ። የሂሳብ ክፍሉ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስለዚህ የጂኦግራፊውን መምህር ሞላልኝን አገኘሁ። ያው ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ነው፤ ለመሸሽ እንዲመቸው። ሞላልኝ ቁጥሩን ዓይቶ «ይህ የማን አገር ሕዝብ ብዛት ነው?» አለ። ነገሩን ሳስረዳው ደግሞ «ታዲያ ዋና ከተማው የት እንደሆነ አይታወቅማ» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

አሠራራችን ይህ ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ፣ በአራት ሰዓት ተኩል ዕረፍት፣ አንድ ማካፈል። ተራ በተራ፤ አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ። አንዱ ያካፍላል፣ ሌላው መርምሮ ከሥር ይፈርማል። ለአንድ ማካፈል አንድ ገጽ፤ ገጾቹ ተከታታይ ቁጥር አላቸው። ካልኩሌተር ክልክል ነው። በነገራችን ላይ ያኔ መምህራን ክፍል የነበረው ካልኩሌተር ስምንት አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ ቁጥራችንን ቢነግሩትም አልገባውም።

በዚያ ዘመን ቤቴ ደሴ ነበር፤ አሁንም ደሴ ነው። ባለቤቴ ጣይባ እዚያው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር፣ የጨርቅ ሱቅ አላት። ማለዳ ጠመዝማዛውን የሐረጎን ዳገት ቁልቁል በሚኒባስ፣ ማታ ሐረጎን ሽቅብ። ስለ ቁጥሩ ስትሰማ ለእህቷ ምን እንዳለች ልንገራችሁ? እዚህ ስላለች አትክድም። «የሰው ባል ሁለተኛ ሚስት ያገባል፤ የኔው ዘጠኝ አሃዝ አገባ።»

አሁን ወደ ሰኔ 1990 እንለፍ። የመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ሊያልቅ ነው፤ መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል። በዚያው ሳምንት ከብዙ ልመና በኋላ ወደ ደሴ የመዛወር ጥያቄዬ ተፈቀደ። አዲሱ ትምህርት ቤት ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። «እሺ ወይም እምቢ በል፤ እስከ ምሳ ሰዓት» ተባልኩ። የዕለቱ ተራ የሞላልኝ ነበር፤ አካፋዩ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት።

መሐላዬን ሁሉም ያውቃል። ዜሮ ቢወጣ እሄዳለሁ። «ስንት ተረፈ?» አልኩት፣ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ደብዳቤውን በእጄ ይዤ።

«አሥር» አለኝ።

ፈረምኩ። ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ደብዳቤውን መለስኩ። የቢሮው ሰው ወደ ላይ አየኝና «ሐረር የመደብንህ መሰለህ እንዴ? ደሴ እኮ ነው!» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። ደብተሮቹ ሠላሳ ሆኑ። በ2014 በጦርነቱ ከቤታችን ወጥተን ስንሰደድ ጣይባ የልጆቻችንን ፎቶግራፍ ያዘች፤ እኔ ደብተሮቹን። መንገድ ላይ «ዲግሪህንስ?» አለችኝ። ረስቼው ነበር። ሞላልኝ ከሦስት ዓመት በፊት ጡረታ ወጣ፤ ግን በሦስቱ ቀናት በአራት ሰዓት ተኩል ከጥበቃው ጋር ሰላምታ እየተለዋወጠ ይገባ ነበር። ዘንድሮ ሃያ ሰባት ሺህ አራት መቶ አርባ ዘጠኝ ላይ ደረስን። ይህ ሦስት ሺህኛው ብቸኛ ቁጥር ነው። የቀረን ሰባ ስድስት ያህል ቢሆን ነው። በየዕረፍቱ የምንሠራውን እጥፍ ካደረግን በሰኔ መጨረሻ ያልቃል። እኔም እንደሌለው አረጋግጬ፣ መሐላዬን ጠብቄ፣ ቀና ብዬ እወጣለሁ። እንዲህ ነበር የታሰበው።

ኮሚቴው ግን ሊያስደስተኝ ፈለገ። ሰውን ለማስደሰት ሲባል ስንት ነገር ይበላሻል? በምስክር ወረቀቱ ግርጌ «ቁጥርዎ ብቸኛ ነው፤ እርስዎም እንዲሁ» ብለው በወርቅ ቀለም ሊያጽፉልኝ አሰቡ። ለማረጋገጥ የኮምፒውተር መምህራችንን ዑዘይርን ላኩት። ማንም ቁጥሩን ስልክ ውስጥ እንዳያስገባ ሁላችሁም ቃል ገብታችሁልኝ ነበር፤ ዑዘይር ግን «ስልክ ነው የተባለው፤ እኔ በኮምፒውተር ነው ያየሁት» ብሎኛል። ይህ ልጅ ሕግ ቢያጠና ይሻለው ነበር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት መምህራን ክፍል መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ቁጥሩ… ብቸኛ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?»

«አካፋይ አለው። ሁለት ብቻ። ትልቁ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠኝ ነው። ብቸኛ ቁጥሮችን ከሁለት ጀምረው ቢቆጥሩ ይህ ልክ መቶ ሺህኛው ነው። ይገርማል እኮ ጋሼ፣ መቶ ሺህኛው! ዘጠኝ ተማሪዎች ዝም ብለው ጠርተው…»

«ትንሹን ንገረኝ።»

«ስድስት መቶ አሥራ ሦስት።»

ሁለተኛውን ደብተር አወጣሁ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት። የሞላልኝ ጽሕፈት፣ ንጹሕ፣ ካርታ ላይ የወንዝ ስም እንደሚጽፈው። በእርሳስ ተከተልኩት። የማካፈሉን ሂደት ለምታውቁ፣ በዚህ ገጽ ላይ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ሦስት ጊዜ በዘጠኝ ይባዛል። መልሱ አምስት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሰባት ነው። በመጀመሪያው ቦታ አምስት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሰባት ብሏል። በሁለተኛውም አምስት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ሰባት ብሏል። በሦስተኛው፣ በመጨረሻው መስመር፣ ዜሮ የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሰባት።

አሥር ተረፈ።

ሠላሳ ሰባት ዓመት ከአሥር ወር ደብተር አርሜአለሁ። ያላወቀ ተማሪ ሦስቱንም ይስታል። የዘነጋ ተማሪ የመጀመሪያውን ይስትና ከዚያ ይገለብጠዋል። ሁለቱን አግኝቶ የመጨረሻውን ብቻ፣ ያውም በአንዲት አሃዝ የሚስት፣ እሱ አልሳተም።

በዚያው ቀን ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ቆሞ ነበር።

«አምስት ሺህ አምስት መቶ ሰባት?» አልኩት፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ደብተሩን አየ። መነጽሩን አወለቀ። «ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀብህ» አለኝ። «የሂሳብ መምህር ነኝ ትላለህ ደግሞ።»

«ሆን ብለህ ነው?»

«አይ፣ እርሳሱ ነው» አለና እንዳልሳቅሁ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንድሪስ፣ ሌላ የሂሳብ መምህር አልነበረም እኮ። ኩኩ መስከረም ላይ ዘጠነኛ ልትገባ ነበር። አንተ ደሴ ብትሄድ ማን ያስተምርልኝ? ብሔራዊ ፈተናዋን እስክትወስድ ብዬ ነው። ከዚያ ልነግርህ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አፈርኩ። በየዓመቱ ደግሞ ይብስ ያሳፍራል። አንተው አስላው።»

አሰላሁት፤ እዚያው እንደቆምኩ። በዓመት ሁለት መቶ የትምህርት ቀን፣ ሃያ ሰባት ዓመት፣ መውጣትና መውረድ፤ ሐረጎን አሥር ሺህ ስምንት መቶ ጊዜ። ይህ ይሁን፤ መንገዱ ያምራል። ነገር ግን ሁለት ልጆቼ ከአባታቸው ጋር ምሳ የበሉት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ልጄ በስድስት ዓመቷ ከሱቁ ደረጃ ወድቃ እጇ ሲሰበር እኔ እዚህ ቁጥሩን በአምስት ሺህ ምናምን እያካፈልኩ ነበር። በእግር አሥር ደቂቃ ላይ መሆን እችል ነበር። ይህን ነገርኩት። ቀልድ አልነበረበትም።

«አፉ በለኝ» አለኝ።

ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። «ወላሂ፣ ካሁን ወዲያ አንተን ካናገርኩ» ብዬ ልምል ስል ምላሴን ነከስኩ። በመሐላ አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም። እሱም መምጣት ተወ። በአራት ሰዓት ተኩል ብቻዬን እቀመጣለሁ። ሥራ የለኝም፤ መልሱ ታውቋል። የገረመኝ ግን የሚናፍቀኝ ማካፈሉ አለመሆኑ ነው። ባለፈው ሳምንት ጋዜጣ ላይ አንድ የተሳሳተ ካርታ አየሁና ለማሳየት ቀና አልኩ። ወንበሩ ባዶ ነው።

ኩኩ፣ አትደበቂ። ለማታውቁ፣ ከመስከረም ጀምሮ የሂሳብ ክፍሉን የምትመራው መምህርት ኩኩ የሞላልኝ ልጅ ናት፤ ማክሰኞ ዕለት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ደብተሩ ተከፍቶ ነበር። አየችው፤ የአባቷን ጽሕፈት ለየችው። ስሕተቱን ለማግኘት አምስት ሰከንድ ፈጀባት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

«ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት ነው አይደል?» አለችኝ።

«አንቺ ያኔ አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ድርሻሽ ዜሮ ነው» አልኳት።

ጣቷን ወደ ገጹ ግርጌ አወረደች።

«ታዲያ ይህ የማን ፊርማ ነው?»

የእኔ ነው። «መርምሬአለሁ፤ እንድሪስ።» ከነቀኑ።

«እርስዎ ዘጠነኛ ክፍል እያለን» አለች፤ ልጅቱ ምሕረት የላትም፤ «ሳያረጋግጥ የፈረመ ከተሳሳተው ይብሳል ብለው ከአሥር ሁለት ቀንሰውብኛል።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ያን ቀን አልመረመርኩም። ደብዳቤ ይዤ ቆሜ ነበር። አንዲት ማባዛት፣ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት በዘጠኝ፣ የስድስተኛ ክፍል ሥራ፣ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም። ሞላልኝ ሊያታልለኝ የሚችለው እኔ ሥራዬን ካልሠራሁ ብቻ ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ተማሪዎችን «መልሰህ አባዛ፤ ከዚያ እመን» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የራሴን ሕይወት የሚወስን ገጽ ላይ መልሼ አላባዛሁም። እና ሦስት ሳምንት ሙሉ የተቆጣሁት በማን ላይ ነው?

ሌላም ነገር አለ፤ ሳልናገረው ብቀር ደግሞ ንግግሬ ትክክል አይሆንም። ከመቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ በኋላ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት ጊዜ ከሞላልኝ ጋር ተቀምጫለሁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው፣ ከንቱ መሆኑን እያወቀ፣ የእኔን ማካፈል መርምሮ ፈርሟል። ገልብጬ አየሁት። ከእኔ ገጾች አርባ ሦስቱ ላይ ስሕተት አግኝቶ አርሞኛል። ለማያስፈልግ ሥራ! የምንበላውን ፈጥነን በልተን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻችን ጋብቻ፣ ስለ ርዕሰ መምህራኑ አምተን፤ ወይዘሮ ረውዳ፣ እርስዎን አይጨምርም፤ ከዚያ ነበር የምናካፍለው። ደሴ ተዛውሬ ቢሆን ኖሮ ከሞላልኝ ጋር በዓመት አንዴ ሰርግ ላይ ተያይተን «እንዴት ነህ?» የምንባባል ሰዎች ነበርን።

ይህ ልጆቼ ያጡትን ምሳ ይተካል? አይተካም። እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚደመሩ አይደሉም። ስደምራቸው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ አልሆነም፤ ተውኩት። ጣይባን ጠየቅኋት። «ሰውየው ዋሽቶሃል፤ አንተም አልቆጠርክም። ሁለታችሁም ከሱቄ ብትቀጠሩ በሳምንት አባርራችሁ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ጨርቅ መለካቷን ቀጠለች፤ ቀጥላም «ሂድና አፉ በለው፤ ቤት ውስጥ ስትነጫነጭ ሰለቸኝ» አለች።

ሞላልኝ፣ ተነሥ። በሩ ወዲያ አይደለም፤ ወደዚህ ዙር።

አፉ ብዬሃለሁ። ሃያ ሰባቱንም ዓመት ሀላል ብዬሃለሁ። አንተም ፊቴን ያዞርኩብህን ሦስት ሳምንት አፉ በለኝ። ያልመረመርኩትን ፊርማም ጨምረህ።

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ከኋላ ያሉት አይሰሙም። «ጋቢውን ከሰጠኸኝ» ነው የሚለው። ጋቢውን አልሰጥም። ሰዓቱን ውሰድ።

አንድ ነገር ግን አለብህ። ሐረጎን አሥር ሺህ ስምንት መቶ ጊዜ የተጓዝኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ተራው ያንተ ነው። ረቡዕ በአራት ሰዓት ተኩል ሰኞ ገበያ፣ የጣይባ ሱቅ በር ላይ ሁለት ወንበር ይኖራል። ምን እንደምንሠራ አላውቅም። ምንም ባንሠራም ና።

ክቡራትና ክቡራን፣ አሥር ደቂቃው አልፏል፤ ዑዘይር እንዳይነግረኝ ብዬ ነው የቀደምኩት።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የምታስተምሩት ልጅ ይብለጣችሁ፤ ሲበልጣችሁም አያስከፋችሁ። ስሕተታችሁን የሚያይላችሁ ሰው ከአጠገባችሁ አይጥፋ፤ ያገኘው ዕለት የምትሰሙበት ጆሮ ይስጣችሁ። የተጣላችሁ ሦስት ሳምንት አትቆዩ። ልጆቻችሁ ምሳቸውን ከእናንተ ጋር ይብሉ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ከቤት ያወጣ አያምጣብን፤ የወጣውንም በደኅና ይመልስልን። ኩኩ፣ ክፍሉን አደራ።

አሚን በሉ።